የመከላከል አቅም ሲደክም፦ አብረውን የኖሩት ተሕዋስያን ለምን በሽታ ይሆናሉ?

አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ እህል የሚበተንላቸው ርግቦች ኩስ ውስጥ ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ ሊበቅል ይችላል። ኩሱ ደርቆ ከአፈር ጋር ሲበን ፈንገሱ በዓይን ከማይታይ ብናኝ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ሲመላለስ ያደገ ሰው ይህን ብናኝ በልጅነቱ ሳይስበው አልቀረም፤ ዛሬ ጠዋትም ስቦት ሊሆን ይችላል። ምንም አይሆንም። ያው ፈንገስ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ሲያገኝ ግን ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ይዘልቃል፤ ካልታከመም ይገድላል። ርግቦቹ አልተለወጡም፣ ፈንገሱም አልተለወጠም። የተለወጠው ሰውየው ነው።

እንዲህ ያሉት በሽታዎች አጋጣሚ ጠባቂ ኢንፌክሽኖች ይባላሉ፤ በየጤና ጣቢያው ደግሞ ተጓዳኝ በሽታዎች ሲባሉ ይሰማል። የሚያመጧቸው ጤነኛ ሰው ላይ ዝም ብለው የሚኖሩ፣ ወይም ቀለል ያለ ሕመም ብቻ የሚያመጡ ፈንገሶች፣ ባክቴሪያዎች፣ ቫይረሶችና ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው። አንድ ሰው በእነዚህ ሲታመም ራሱም ቤተሰቡም አስቀድመው የሚጠይቁት «ከምን ያዘው?» ብለው ነው። ጥያቄው የሚጠበቅ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የትም አያደርስም፤ ምክንያቱም ተሕዋሲው ከዓመታት በፊት ገብቶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ አለዚያም በየመንገዱ ያለ ነገር ነው። ሐኪሙን የሚረዳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የትኛው መከላከያው ነው የደከመው?

ሰውነታችን ብዙ ዘበኞች እንዳሉት ግቢ ነው። የፊት በሩ ዘበኛ ሲተኛ የሚገባው ሌባና የጓሮው ሲተኛ የሚገባው አንድ አይደሉም። ቆዳ፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን አንድ መከላከያ ናቸው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያንና ሻጋታን እየዋጡ ያጠፋሉ። ሲዲ ፎር የሚባሉት ደግሞ ሌሎቹን ያዝዛሉ፤ በተለይም በሕዋሳት ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩትን እንደ ቲቢ ያሉ ተሕዋስያን አፍነው ይይዛሉ። ኤችአይቪ የሚያጠፋው ሲዲ ፎርን ነው፤ የካንሰር መድኃኒት በብዛት የሚያጠፋው ኒውትሮፊልን ነው፤ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ብዙዎቹን በአንድነት ያደነዝዛሉ። ስለዚህ ሦስቱም ሕሙማን «አቅማቸው የደከመ» ይባሉ እንጂ የሚያስፈራቸው በሽታ ይለያያል።

ሲዲ ፎር ሲያንስ

በአገራችን ጉዳዩ ከሁሉ በፊት የሚነሳው ከኤችአይቪ ጋር ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በኢትዮጵያ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ሲሆን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት በየሰፈሩ ድንኳን የተተከለላቸውን ሰዎች በአብዛኛው የገደላቸው ቫይረሱ ራሱ አልነበረም። ቲቢ ነው፣ የሳንባ ምች ነው፣ ማጅራት ገትር ነው፣ የማያቋርጥ ተቅማጥ ነው። ኤድስ ለዓለም የታወቀውም በአንድ ፈንገስ በኩል ነበር፦ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1981 ባወጣው ሳምንታዊ ዘገባ በሎስ አንጀለስ አምስት ወጣት ወንዶች ኒውሞሲስቲስ በሚባል ተሕዋሲ የሳንባ ምች መያዛቸውን ገለጸ። ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች በዚህ በሽታ አይያዙም ነበርና ሐኪሞቹን ያስደነገጣቸው ያ ነው።

የጤነኛ ሰው ሲዲ ፎር በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ በአብዛኛው ከ500 እስከ 1,500 ይሆናል። ቁጥሩ ሲወርድ በሽታዎቹ በተራ ይመጣሉ። ቲቢ ቁጥሩ ገና ብዙም ሳይወርድ ሊነሳ ይችላል፤ አልማዝ ባለጭራም እንዲሁ። ከ200 በታች ሲሆን ኒውሞሲስቲስና እስከ ጉሮሮ የሚዘልቅ የአፍ ፈንገስ ይከተላሉ። ከ100 በታች ክሪፕቶኮከስና ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋሲ አንጎልን ያጠቃሉ። ከ50 በታች ደግሞ ሳይቶሜጋሎ የሚባለው ቫይረስ የዓይንን መረብ እየበላ ዕውር ሊያደርግ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝን ነገር ልናገር። ዛሬ ሕክምና የሚጀመረው ሲዲ ፎር ምንም ያህል ቢሆን፣ ቫይረሱ እንደተገኘ ነው፤ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን ሕክምናው የሚመዘነው በደም ውስጥ ባለው የቫይረስ መጠን ስለሆነ ሲዲ ፎር የሚለካለት ሰው እየቀነሰ መጣ። ሁለቱ ምርመራዎች የሚናገሩት አንድ ነገር አይደለም። የቫይረስ መጠን መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ይናገራል፤ ዛሬ ማታ በማጅራት ገትር ልታመም እችላለሁ ወይ የሚለውን የሚመልሰው ሲዲ ፎር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሕክምና ሲጀመርና መድኃኒት አቋርጦ የቆየ ሰው ሲመለስ ሲዲ ፎር እንዲለካ ይመክራል። አሁን ዘግይቶ የሚመጣው ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ «ኤችአይቪ ምን እንደሆነ አላውቅም» የሚል ሰው አይደለም። ዓመታት መድኃኒት ወስዶ፣ ተሽሎት፣ ሥራ ቀይሮ ወይም ከተማ ቀይሮ ያቋረጠና በኀፍረት ሳይመለስ የቆየ ሰው ነው። ያ ሰው ሲመለስ ካርዱን አውጥቶ መድኃኒቱን እንደ ቀድሞው መስጠት ብቻ አይበቃም።

የማጅራት ገትር ዓይነት የሆነ ራስ ምታት

ክሪፕቶኮከስ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ መከላከልም ማከምም እየተቻለ ብዙ ሰው የሚገድል በሽታ ነውና። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 152,000 ገደማ ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች በዚህ ማጅራት ገትር ተይዘው 112,000 ገደማ ሞተዋል፤ ይህም ከኤድስ ጋር ከተያያዘው ሞት 19 በመቶ ገደማ ነው። አብዛኛው ደግሞ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው።

ማጅራት ገትር ሲባል እኛ የምናውቀው በድንገት የሚመጣውን፣ አንገት የሚያደርቀውን፣ በሰዓታት የሚጥለውን ነው። የፈንገሱ እንዲያ አይደለም። ራስ ምታት ሆኖ ይጀምራል፤ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ በማስታገሻ ለጥቂት ሰዓት ጋብ ብሎ ብሶ ይመለሳል። ቀጥሎ ማስመለስ፣ የዓይን ብዥታ ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የጠባይ መለወጥና መቀባዠር ይመጣል። ትኩሳቱ ቀላል ሊሆን፣ አንገትም ጨርሶ ላይደርቅ ይችላል። ስለዚህ ሰውየው ሳይነስ ነው፣ ጨጓራ ነው፣ ጭንቀት ነው እየተባለ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ይዞራል። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ራስ ምታቱ ከሳምንት ካለፈ የሚሄድበት ቦታ መድኃኒት ቤት መሆን የለበትም።

የሚያስቆጨው ነገር ፈንገሱ ራስ ምታቱ ከመጀመሩ ሳምንታት ቀደም ብሎ ደም ውስጥ የሚገኝ መሆኑ ነው። የፈንገሱን ሽፋን ቅንጣት ከደም የሚለይ ምርመራ አለ፤ እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለች ቀጭን ወረቀት ናት፣ ውጤቷን በ10 ደቂቃ ትናገራለች። ሲዲ ፎሩ ከ100 በታች የሆነ ሰው ሁሉ እንዲመረመር፣ እስከ 200 ላሉትም ቢደረግ ጥሩ እንደሆነ ይመከራል። ከተገኘበትና አንጎሉ ገና ካልተነካ ፍሉኮናዞል በሚባል ክኒን በሽታው ሳይነሳ ማስቀረት ይቻላል።

አንጎል ከደረሰ ግን ከጀርባ ውሃ መቅዳት ግድ ነው። ይህ ቃል ሲነሳ ብዙ ቤተሰብ ይሸሻል፤ «ሽባ ያደርጋል» የሚል ፍርሃት አለ። የአከርካሪ ገመድ በአዋቂ ሰው ከወገብ በላይ ላይ ያበቃል፤ መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ ገመዱ በሌለበትና ውሃና የነርቭ ጭራዎች ብቻ ባሉበት ስፍራ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃው የሚቀዳው ለምርመራ ብቻ አይደለም። ፈንገሱ የአንጎል ውሃ የሚወጣበትን መንገድ ስለሚደፍን በጭንቅላት ውስጥ ግፊት ይከማቻል፤ የሚያሳውረውም የሚገድለውም ብዙ ጊዜ ይህ ግፊት ነው። ውሃው ሲቀነስ ራስ ምታቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሲለቅ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። በየቀኑ መደጋገም ሊያስፈልግም ይችላል። «ትናንት ተቀድቶ የለም እንዴ?» ብሎ መቃወም ሕመምተኛውን መጉዳት ነው።

መድኃኒቱን ለመረዳት ፈንገስ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ፈንገስ ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ሕዋስ ይቀርባል፤ ስለዚህ እሱን ገድሎ እኛን የሚተው መድኃኒት መፈለግ ከባድ ነው። ለከባድ የውስጥ በሽታ የሚሆኑት ፀረ ፈንገሶች ወገናቸው በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠረውም ለዚህ ነው። አብዛኞቹ የሚያነጣጥሩት የፈንገስ ሽፋን ውስጥ ባለው ኤርጎስቴሮል በተባለ ቅባት ላይ ነው፤ የእኛ ሕዋስ በምትኩ ኮሌስትሮል አለው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከቬኔዙዌላ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የተሠራው አምፎቴሪሲን ቢ ያንን ቅባት ይዞ የፈንገሱን ሽፋን ይበሳል፤ ኮሌስትሮሉንም በጥቂቱ ስለሚነካ ኩላሊት ይጎዳል፣ ፖታሺየም ያሟጥጣል። ለሳምንታት በየቀኑ በደም ሥር ሲሰጥ የነበረውም ይኸው ነው። በኋላ መድኃኒቱ በጥቃቅን የቅባት ጠብታዎች ተሸፍኖ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ተብሎ ወጣና ጉዳቱ ቀነሰ። በቦትስዋና፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በዩጋንዳና በዚምባብዌ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ በከፍተኛ መጠን ተሰጥቶ ለ14 ቀን ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል በክኒን ቢከተል ውጤቱ ከነበረው ሕክምና እንደማያንስ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም እንደሚቀንስ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ቀዳሚ ምክሩ አደረገው። ፍሉኮናዞልን ለብቻው መስጠት ለዚህ ማጅራት ገትር ደካማ ሕክምና ነው፤ ሌላው ሲጠፋ ብቻ የሚደረግ ነው።

ሰው የሚደናገርበት አንድ ነጥብ አለ። ይህ ማጅራት ገትር የተገኘበት ሰው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን ወዲያው አይጀምርም፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ምክንያቱ መከላከያው በድንገት ሲነቃ አንጎል ውስጥ የተኛውን ፈንገስ አይቶ ስለሚቆጣና እብጠቱ ራሱ ሊገድል ስለሚችል ነው። በቲቢም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፦ መድኃኒት ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ንፍፊቱ የሚያብጥ፣ ትኩሳቱ የሚመለስ ሰው አለ። «መድኃኒቱ ገደለው» የሚለው ወሬ ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው፣ መከላከያው እየተመለሰ ነው፤ መድኃኒቱን ማቋረጥ ሳይሆን ወደ ሐኪም መመለስ ነው የሚገባው።

ርካሹ ክኒን

ኒውሞሲስቲስ ጂሮቬቺ ለረጅም ጊዜ ጥገኛ ተሕዋሲ ነው ተብሎ ሲታሰብ የኖረ ፈንገስ ነው፤ ፈንገስነቱ በዘር ምርመራ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ኤርጎስቴሮል ስለሌለው የተለመዱት ፀረ ፈንገሶች አይነኩትም። የሚያድነው ባክቴሪያ የሚገድለው ኮትሪሞክሳዞል ነው፤ ብዙ ሰው ባክትሪም የሚለው። ምልክቱ ደረቅ ሳልና ቀስ በቀስ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር ነው፤ ሰውየው ከአራት ኪሎ ታክሲ መያዣ እስከ ቤቱ ያለችውን ዳገት መውጣት ሲያቅተው ይታወቀዋል። የደረት ራጅ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፣ በደሙ ያለው ኦክስጅን ግን ይወርዳል። ሁኔታው ከባድ ከሆነ ከኮትሪሞክሳዞል ጋር ፕሬድኒሶሎን ይሰጣል፣ ሕይወትም ያድናል። የእሱ ወገን የሆነው ዴክሳሜታዞን ግን በክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ላይ ሲሞከር ጎጂ ሆኖ ተገኝቷል። ሳይመረመሩ በግምት ማከም የማያዋጣው እንግዲህ ለዚህ ነው።

ኮትሪሞክሳዞል በቀን አንድ 960 ሚሊ ግራም ክኒን ሲወሰድ ኒውሞሲስቲስን ይከላከላል። ቶክሶፕላዝማንም ይከላከላል፤ ይህ ጥገኛ ተሕዋሲ ከድመት ዓይነ ምድርና በደንብ ካልበሰለ ሥጋ የሚገኝ ሲሆን ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገራችን ብዙ ሰው በሰውነቱ ተሸክሞት ይኖራል። ሲዲ ፎር ሲወርድ አንጎል ውስጥ ይነሳና አንድ ጎን ያዝላል፣ ያንቀጠቅጣል፤ በወጣት ሰው ላይ ስትሮክ የሚመስል ነገር ሲታይ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው። ክኒኑ የተወሰኑ የባክቴሪያ በሽታዎችንም ያስቀራል። ይህን ያህል ሥራ በዚህ ዋጋ የሚሠራ መድኃኒት ጥቂት ነው፤ እንደ ትርፍ ቆጥረው የሚተዉት ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። ሽፍታ ካወጣ አቁሞ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ውጭ «በቃህ» እስኪባል ድረስ ይወሰዳል።

ቀለል ብለው የሚታዩ ነገር ግን መልእክት ያላቸው ሕመሞችም አሉ። ነጭ እርጎ መስሎ ምላስና ላንቃ ላይ የሚጋገር ፈንገስ በሕፃን አፍ የተለመደ ነው፤ አንቲባዮቲክ በወሰደ ወይም የአስም መድኃኒት በሚስብ ሰውም ይታያል። ያለ ምክንያት በአዋቂ አፍ ከታየ፣ በተለይም እህል ሲዋጥ ደረት ላይ የሚያም ከሆነ፣ የኤችአይቪና የስኳር ምርመራ ይጠይቃል። አልማዝ ባለጭራም በወጣት ሰው ላይ ሲወጣ ኤችአይቪ ሳይመረመሩ ማለፍ አይገባም። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች ጤነኛውንም ይይዛል፣ በዳማከሴ ታሽቶም ሳይታሽም በሳምንት ከዚያ ባለፈ ጊዜ ይለቃል፤ ከወር በላይ እየሰፋ የሚቆስል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቲቢን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ኤችአይቪ ካለባቸው ሰዎች መካከል ብዙውን የሚገድለው እሱ ነው፤ አቅሙ በጣም በደከመ ሰው ላይ ደግሞ ሳል ሳይኖረው፣ አክታው ነፃ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብና ትኩሳት ብቻ በቂ ጥርጣሬ ናቸው። በሽንት የሚሠራ ፈጣን ምርመራ ያለው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

መከላከያውን የሚያደክሙ መድኃኒቶች

ኤችአይቪ የሌለበት ሰው «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ሊል ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚወስድ ከሆነ ይመለከተዋል። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለኩላሊትና ለቆዳ በሽታ በሐኪም ሲታዘዙ የሚተካቸው የለም። ችግሩ ያለ ማዘዣ ሲወሰዱ ነው። ለመወፈር ብለው የሚወስዷቸው አሉ፤ ሕመም ሁሉ ስለሚለቅላቸው «ፍቱን ናት» ብለው ለጎረቤት የሚያካፍሉም አሉ። ለቆዳ የሚቀባውም ቢሆን ጭርት ላይ ሲቀቡት መቅላቱንና ማሳከኩን ያጠፋና ፈንገሱን ከሥር እያሰፋው ይሄዳል። በቀን 20 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ለአንድ ወርና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው፣ በተለይ ሌላ አቅም የሚያደክም ነገር ካለበት፣ ኒውሞሲስቲስን የሚከላከል መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። በድንገት ማቋረጥም አደጋ ስለሆነ መጠኑ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል።

ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ብዙም የማይነገርለት አንድ ትል አለ፤ ስትሮንጂሎይደስ ይባላል። በባዶ እግር ሲኬድ ከአፈር ቆዳ በስቶ ይገባል። እንደ ሌሎቹ የአንጀት ትሎች ዕድሜው አልቆ አይጠፋም፤ እዚያው ሰውነት ውስጥ ራሱን እየተካ አሥርት ዓመታት ይኖራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእስያ ተማርከው የነበሩ ወታደሮች ከ40 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ በልጅነቱ ገጠር ያደገና ካዛንቺስ ወይም ለገሀር ሲሠራ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ዛሬም ሊሸከመው ይችላል፤ ምናልባት አልፎ አልፎ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ቆዳውን ያሳክከዋል፣ ሌላ ምልክት የለውም። ፕሬድኒሶሎን ሲጀምር ግን ትሉ ያለ ልክ ይባዛና የአንጀት ባክቴሪያዎችን ተሸክሞ በሳንባና በአንጎል ይሰራጫል፤ ይህ ከሆነ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ የተደረገ የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። የሚያጠፋው አይቨርሜክቲን ነው፤ ለሌሎቹ ትሎች የሚሰጠው አልቤንዳዞል ለዚህኛው ደካማ ነው። ረጅም የፕሬድኒሶሎን ሕክምና የሚጀምር ሰው «ልጅነቴን በባዶ እግር ነው ያሳለፍኩት» ብሎ ቢናገር ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱት ሌላ ሰዓት ይቆጥራሉ። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ኒውትሮፊል ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ከ500 በታች ሲወርድ ተራ የአንጀት ባክቴሪያ በአንድ ሌሊት ይገድላል። መግል የሚሠሩት ኒውትሮፊሎች ስለሆኑ መግልም እብጠትም ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው ትኩሳት ብቻ ነው። ስለዚህ በጥቁር አንበሳ ወይም በሌላ ሆስፒታል መድኃኒት እየወሰደ አጠገቡ ቤት ተከራይቶ የሚቆይ ሕመምተኛ ቴርሞሜትር ሊኖረው ይገባል። 38 ዲግሪ ከሞላ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀጠሮው ነገ ጠዋትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት፤ አንቲባዮቲኩ ሕመምተኛው በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሰጠት ያለበት ነው። ፓራሲታሞል ሰጥቶ መንጋቱን መጠበቅ ብዙ ሰው አስገድሏል።

ኒውትሮፊል ለሳምንታት ሲጠፋ ሻጋታ ይመጣል፤ በደም ካንሰር ሕሙማን ላይ በተለይ። አስፐርጊለስ በአቧራ፣ በበሰበሰ እንጨትና በአሮጌ ግድግዳ ላይ የሚኖር ሻጋታ ነው። በየአገሩ ሆስፒታል አጠገብ ግንባታና ፍርስራሽ ሲኖር በእንደነዚህ ያሉ ሕሙማን ላይ ወረርሽኝ ማስነሳቱ የታወቀ ነገር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱና እንደገና ሲገነቡ የምናየው አቧራ ለጤነኛው ማስነጠሻ ነው። ኒውትሮፊሉ ለወደቀበት ሰው ግን የሚናቅ ነገር አይደለም፦ በፈረሰ ሰፈር ባያልፍ፣ ማለፍ ግድ ቢሆን ደረቱ ድረስ የሚወርድ ነጠላ ሳይሆን ፊት ላይ የሚጣበቅ ጭምብል ቢያደርግ፣ የሚያድርበት ክፍል ሲጠረግ ቢወጣ ይሻላል። በሻጋታ የተበላሸ እህልና በርበሬ ማበጠርም የእሱ ሥራ አይደለም።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። የተተከለላቸው ሰዎች ሰውነታቸው አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ይወስዳሉ። ለእነሱ አደገኛው ነገር የመድኃኒቶች መጋጨት ነው። ፍሉኮናዞል ታክሮሊመስ የሚባለውን መድኃኒት በደም ውስጥ ከፍ አድርጎ ኩላሊቱን ሊመርዘው ይችላል፤ የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ አድርጎ ኩላሊቱን ያስጥላል። ሪፋምፒሲን የኤችአይቪውን ዶሉቴግራቪርም ስለሚቀንስ አብሮ ሲወሰድ ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። «ለፈንገስ የሚሆን ነገር ስጠኝ» ብሎ ከመድኃኒት ቤት መግዛት ለእንደዚህ ያለ ሰው አይሆንም።

ስኳር ሲከር ደግሞ ሙኮር የሚባለው ሻጋታ ይመጣል። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 በኮቪድ ጊዜ «ጥቁር ፈንገስ» እየተባለ ያስጨነቀው እሱ ነው፤ ያልተስተካከለ ስኳርና ያለ ልክ የተሰጠ ስቴሮይድ አንድ ላይ ሲገናኙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተያዙ። ከአፍንጫ ይነሳና በፊት አጥንት በኩል ወደ ዓይንና አንጎል ይሄዳል። የስኳር ሕመምተኛ አንዱ ጎን ፊቱ ካመመው ወይም ካበጠ፣ አፍንጫው ወይም ላንቃው ላይ ጥቁር ቅርፊት ካየ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግባ፤ ሕክምናው ቢላዋና አምፎቴሪሲን ነው፣ ሰዓት ይቆጠርበታል።

በቤት ውስጥ

ሲዲ ፎሩ የወደቀ፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ወይም አካል የተተከለለት ሰው ክትፎውን አብስሎ ይብላ፤ ለብ ለብ አይበቃም። ጥሬ ወተትም ይቅርበት። በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ አትክልት ወደ ገበያችን ስለሚገባ ሰላጣ ከመብላት የተቀቀለ ጎመን ይሻላል። የመጠጥ ውሃን ማፍላት ክሎሪን ከመጨመር ይበልጣል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው የተቅማጥ ተሕዋሲ ክሎሪንን ይቋቋማል፣ ሙቀት ግን ይገድለዋል። ጠበል የሚጠመቅ መድኃኒቱን አያቁም፤ የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል አስተምረዋል። ቢጫ ወባን እንደመሳሰሉት ሕያው ቫይረስ ያለባቸውን ክትባቶች ከመከተቡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቤተሰቡ ደግሞ የሚፈራው ቦታ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሕመምተኛውን መለየት፣ ጽዋውን መለየት ትርጉም የለውም። የአፍ ፈንገሱም፣ የአንጎል ቶክሶፕላዝማውም አብሮ በመኖር አይጋቡም። አልማዝ ባለጭራ ጉድፍ (ቺክንፖክስ) ያልያዘውን ልጅ በፈሳሹ በኩል ጉድፍ ሊያሲዘው ስለሚችል ቁስሉን መሸፈን ይገባል። በአየር የሚተላለፈው የሳንባ ቲቢ ነው፤ ለእሱ መስኮት መክፈትና ቤተሰቡን፣ ከሁሉ በፊት ሕፃናቱን፣ አስመርምሮ ቲቢ ለሌለባቸው የመከላከያ መድኃኒት መጀመር ያስፈልጋል።